የስምንት ባይት ጉዳይ፦ በሊኑክስ ከርነል ሜሞሪ አሎኬተር ላይ የተደረገ የኮድ ግምገማ

ስምንት ባይት ብቻ ናት። በ64 ቢት ማሽን ላይ የአንድ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ቁጥር) ስፋት ማለት ነው። በሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሜሞሪ አሎኬተር፣ ማለትም ሜሞሪ በሚያድለው ክፍል ውስጥ ይህች ፖይንተር በምን ትሸፈን፣ የትስ ትቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከ2017 እስከ 2021 ድረስ ደጋግሞ ተነሳ (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ ለውጥ ጥቂት መስመር ነው። ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ጻፉት፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች አነበቡት። እንዲያም ሆኖ እርማት መጣ። ከእርማቱ በኋላም ሌላ እርማት መጣ።

ጉዳዩን ያነሳሁት ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም። ለነዚህ ገንቢዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ስህተታቸውን ሳይደብቁ፣ ከምክንያቱ ጋር በከርነሉ የጊት ታሪክ (የኮድ ለውጦች መዝገብ) ውስጥ አስቀምጠውልናል። ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። የአሎኬተር ኮድ የሚገመግም ሰው ዓይኑ የት የት ማረፍ እንዳለበት ከዚህ በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ጉዳይ አላገኘሁም።

መጀመሪያ አሎኬተሩን እንወቀው

ከርነሉ ለራሱ ሥራ ሜሞሪ ያስፈልገዋል። ፋይል ሲከፈት፣ የኔትወርክ ፓኬት ሲደርስ፣ አዲስ ፕሮሰስ ሲፈጠር ትንንሽ ቁራጮች ይጠየቃሉ። አንዱ 32 ባይት ይፈልጋል፣ ሌላው 192። ሜሞሪ ከሥር የሚተዳደረው ግን በገጽ ነው። የተለመደው ገጽ 4096 ባይት ነው። ለ32 ባይት ጥያቄ ሙሉ ገጽ መስጠት ብክነት ነው። ስለዚህ ገጹን እኩል እኩል ቆራርሶ የሚያድል ክፍል መሃል ላይ ይገባል። ሐሳቡን ጄፍ ቦንዊክ በ1994 ለሰን ኩባንያ ሥርዓተ ክወና «ስላብ» ብሎ አቀረበው። ዛሬ ሊኑክስ የሚጠቀመው «ስለብ» የሚባለውን ነው። ክሪስቶፍ ላሜተር የጻፈው ነው፤ ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2007 ነው። ለረጅም ጊዜ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ጎን ለጎን ኖሯል። «ስሎብ» በከርነል 6.4 ወጣ። አሮጌው «ስላብ» ደግሞ በ6.8 ወጣ። አሁን ስለብ ብቻውን ነው።

ለእያንዳንዱ መጠን የራሱ ቋት አለ። የ32 ባይት ቋት አንዱን ገጽ ለ128 ቁራጭ ይከፍለዋል። ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነጻ እንደሆነ አሎኬተሩ በምን ያውቃል? ለብቻው መዝገብ አይዝም። በነጻው ቁራጭ ሆድ ውስጥ የሚቀጥለውን ነጻ ቁራጭ አድራሻ ይጽፋል። ነጻ ቁራጭ ባለቤት የለውም፤ ውስጡ ምን ቢጻፍበት ማንም አይጎዳም። ቁራጩ ሲታደል አድራሻው ይነበባል፣ ከዚያ ቦታው ለጠያቂው ይለቀቃል። ይህ ሰንሰለት ፍሪሊስት ይባላል። የምናወራላት ስምንት ባይት የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ናት።

በጣም የሚያምር አሠራር ነው። አደጋውም እዚያው ነው ያለው። የከርነል ኮድ ከተሰጠው ቁራጭ አልፎ ጎረቤቱ ላይ ከጻፈ፣ ጎረቤቱም ነጻ ከሆነ፣ የተጻፈው ነገር ፖይንተሯ ላይ ያርፋል። አጥቂ ይህን ከተቆጣጠረ እሱ የፈለገውን አድራሻ እዚያ ያስቀምጣል። አሎኬተሩ ደግሞ ያምነዋል። ሁለት ጊዜ ሜሞሪ ሲጠየቅ፣ በሁለተኛው ላይ አጥቂው የመረጠውን ቦታ «ይኸው ነጻ ሜሞሪ» ብሎ ያድላል። ከዚያ በኋላ ከርነሉ የማን እንደሆነ መናገር ያስቸግራል።

የ2017ቱ መሸፈኛ

በከርነል 4.14 ላይ መከላከያ ገባ። ሥራውን የመራው ለከርነል ደህንነት ብዙ የደከመው ኪስ ኩክ ነው። መነሻው ቀደም ሲል የከርነሉን ደህንነት በሚያጠናክረው የግርሴኪዩሪቲ ፓች (የኮድ ለውጥ) ውስጥ የነበረ ሐሳብ ነው። ፖይንተሯ እርቃኗን አትጻፍ፣ ትሸፈን የሚል ነው። እያንዳንዱ ቋት ሲፈጠር የዘፈቀደ ምስጢራዊ ቁጥር ይሰጠዋል። ፖይንተሯ ስትጻፍ ሦስት ነገሮች በኤክስኦር (ቢት በቢት አነጻጽሮ ተመሳሳዩን ዜሮ፣ የተለያየውን አንድ በሚያደርግ ስሌት) ይደባለቃሉ፦ ፖይንተሯ ራሷ፣ ምስጢሩ፣ እና ፖይንተሯ የምትጻፍበት ቦታ አድራሻ። ስትነበብ ያው ስሌት ይደገማል፤ ኤክስኦር ሁለት ጊዜ ሲደረግ ወደነበረበት ይመልሳልና። ምስጢሩን የማያውቅ አጥቂ አሎኬተሩ የሚያምነው አድራሻ ማዘጋጀት አይችልም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቀላል ፍተሻም ገብቷል። የሚለቀቀው ቁራጭ የፍሪሊስቱ ራስ ላይ ካለው ቁራጭ ጋር አንድ ከሆነ ከርነሉ ይቆማል። ሁለት ጊዜ መልቀቅን እጅ ከፍንጅ ይይዛል ማለት ነው። መሃል ላይ ሌላ ቁራጭ ከተለቀቀ ግን አይዝም። ዋጋው አንድ ማነጻጸር ብቻ ስለሆነ ይህ ጉድለት እየታወቀ ነው የገባው። ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ በግልጽ የተነገረለት መከላከያ ጥሩ መከላከያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ መሸፈኛዋ እንመለስ። መስመሯን ብቻ ስታነቡ እንከን የላትም። ምስጢር አለ። አድራሻ አለ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ያው ስሌት ነው። ፈጣን ናት። ይህ መንገድ ሜሞሪ በተጠየቀና በተለቀቀ ቁጥር የሚታለፍበት ነው። ከባድ ምስጠራ እዚህ አይታሰብም። እኔም ያኔ ፓቹን ብገመግም ኖሮ አሳልፈው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ክፍተቱ የሚታየው ቁጥር ሲገባባት ነው። እስቲ ወረቀትና እርሳስ እንያዝ። ለንባብ እንዲቀል አድራሻውን ወደ ስድስት ባይት አሳጥሬዋለሁ። ቁጥሮቹ በ16 መሠረት የተጻፉ ናቸው፤ እኔ ለምሳሌ የመረጥኳቸው ናቸው።

ፖይንተሯ የምትጻፍበት ቦታ፦ 73 12 56 40 90 00
የሚቀጥለው ነጻ ቁራጭ፦ 73 12 56 40 90 20
ምስጢሩ፦ 42 15 37 61 94 26

ሁለቱ አድራሻዎች ጎረቤት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 32 ባይት ነው፤ በ16 መሠረት 20 ተብሎ ይጻፋል። አሁን ሁለቱን በኤክስኦር አገናኙ። ተመሳሳይ የሆነው ሁሉ እርስ በርሱ ይጣፋና ዜሮ ይሆናል፦

00 00 00 00 00 20

በዚህ ላይ ምስጢሩ ሲጨመር ሜሞሪው ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦

42 15 37 61 94 06

ከምስጢሩ ጋር አስተያዩት። ከስድስቱ ባይት አምስቱ ምስጢሩ ራሱ ናቸው። ምስጢሩ ፖይንተሯን ሊሸፍን ሄዶ ራሱ ሜዳ ላይ ተጻፈ። የመጨረሻው ባይት ብቻ ነው የተለወጠው፤ እሱንም የቋቱን መጠን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገምተዋል። አጥቂው ከአንድ ነጻ ቁራጭ ላይ ስምንት ባይት ሾልኮ ቢያይ ይበቃዋል። ያ ቁራጭ ሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ እንኳን አይጠበቅበትም።

አንድ ሰው «ፍሪሊስቱን ማበራየት አለ እኮ፣ ቁራጮቹ በቅደም ተከተል አይያያዙም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ አማራጭ አለ። ነገር ግን ቢበራዩም ያው አንድ ገጽ ውስጥ ናቸው። በ4096 ባይት ገጽ ውስጥ ሁለት አድራሻዎች ሊለያዩ የሚችሉት በታችኛዎቹ 12 ቢት ብቻ ነው። የላይኛዎቹ 52 ቢት ሁልጊዜም ይጣፋሉ።

ይህን ያየው አንድ የደህንነት ተመራማሪ ነው። የተለየ መሣሪያ አላስፈለገውም። በስሌቱ ውስጥ የሚያልፉትን ቁጥሮች ማየት በቃው። ገምጋሚ ሁሉ እንዲይዘው የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው። መስመሯ ላይ ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። ስሞቹን ስናነብ ሦስት የማይዛመዱ ነገሮች ይመስሉናል። እውነታው ሌላ ነው። ሁለቱ የአንድ ገጽ ልጆች ናቸው። ኮዱ ይህን አይናገርም። የሚናገረው አሎኬተሩ ራሱ ነው፣ ገጽ የሚቆርስበት መንገድ።

እርማቱ በሚያዝያ 2020 መጣ፤ ከርነል 5.7 ላይ ተካተተ። አንድ ቃል ነው የተጨመረው። የቦታው አድራሻ ወደ ስሌቱ ከመግባቱ በፊት ባይቶቹ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይገለበጣሉ። ያንኑ ምሳሌ እንድገመው። 73 12 56 40 90 00 ሲገለበጥ 00 90 40 56 12 73 ይሆናል። ከፖይንተሯና ከምስጢሩ ጋር ሲደባለቅ፦

31 97 21 77 16 75

ከምስጢሩ ጋር የሚመሳሰል አንድም ባይት የለም። በጣም የሚለዋወጠው የአድራሻ ጫፍ ፈጽሞ ከማይለዋወጠው ጫፍ ጋር ተገናኘ። ዋጋው አንድ የፕሮሰሰር ዙር ነው።

ይህ ግን ምስጠራ አልሆነም። የፓቹ ማብራሪያም እንዲህ አይልም። አጥቂው ያየው ነገር የት ቦታ እንደነበር ካወቀ፣ ወይም ከአንድ በላይ ናሙና ካገኘ፣ መልሶ ማስላት ይችላል። የተባለው ከአንድ ጭፍን እይታ በላይ እንዲያስፈልገው ማድረግ ነው፤ እሱንም ያደርጋል። በዚያው በ2020 ተራ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ጂሊብሲ በ2.32 እትሙ ተመሳሳይ ችግር ላይ ሌላ መንገድ ሄዷል። እዚያ ምስጢራዊ ቁጥር የለም። የቦታው አድራሻ 12 ቢት ወደ ታች ተገፍቶ ከፖይንተሩ ጋር ይደባለቃል። መግፋቱ እዚህ ካየነው መጣፋት ያድናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ብዙ ያስተምራል።

ፖይንተሯ ቤት ቀየረች

በ5.7 ላይ ሌላ ለውጥም አብሮ ገባ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ይህኛው ነው፤ የአሎኬተር ኮድ ለምን ከባድ እንደሆነ ያሳያልና።

እስከዚያ ድረስ ፖይንተሯ የምትቀመጠው በነጻው ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከጎረቤት ትንሽ የፈሰሰ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ታዲያ ለምን መሃል አትገባም? ቁራጩን ለሁለት ክፈል፣ ወደ ስምንት ብዜት አስጠጋ፣ እዚያ አስቀምጣት። ጥቂት ባይት የፈሰሰበት ሁሉ ፖይንተሯ ጋ አይደርስም። በልኬትም የፍጥነት ጉዳት አልታየም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቀይ ቀጠና የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከርነሉ ሲነሳ የስለብን ዲበግ (ስህተት ማደኛ ፍተሻ) ማብራት ይቻላል። አንዱ አማራጭ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ ቀጥሎ የሚታወቅ ባይት ይጽፋል። ቁራጩ በሥራ ላይ ሲሆን 204፣ ነጻ ሲሆን 187። ያ ባይት ተለውጦ ከተገኘ አንድ ሰው ከድንበሩ አልፎ ጽፏል ማለት ነው። አጥር ላይ እንደተነሰነሰ አመድ አስቡት፤ የረገጠው ሰው ዱካ ይታያል።

ለውጡ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ሌላ የከርነል ገንቢ ሪፖርት አመጣ። ቀይ ቀጠና በርቶ ከርነሉ ሲነሳ ይሰናከላል። ለምን? አሁንም እርሳሱን አንሱ። 16 ባይት የሆነ ቁራጭ ውሰዱ። ቀይ ቀጠና ሲበራ መጠኑ ላይ ስምንት ይጨመርና 24 ይሆናል። «መሃል» የተሰላው ከዚህ 24 ነው። ግማሹ 12። ወደ ላይ ወደ ስምንት ብዜት ሲጠጋ 16። ስለዚህ ፖይንተሯ ከ16ኛው ባይት ጀምሮ ተጻፈች። ቁራጩ ያለቀው ግን 16 ላይ ነው። ፖይንተሯ ያረፈችው አጥሩ ላይ ነው። አመዱን የረገጠው አሎኬተሩ ራሱ ሆነ።

የፓቹን መስመር ብቻ ለሚያነብ ገምጋሚ ይህ አይታይም። «መጠኑን ለሁለት» ይላል፣ መጠን የሚል ተለዋዋጭ አለ፣ አለቀ። ችግሩ ያ ተለዋዋጭ ከላይ ሲመጣ ደረጃ በደረጃ እያደገ መሆኑ ነው። በዚያ ፈንክሽን ውስጥ መጀመሪያ የቁራጩ መጠን ነው። ከዚያ ወደ ስምንት ብዜት ይጠጋል። ከዚያ ቀይ ቀጠና ይጨመርበታል። ከዚያም ሌላ ሌላው። ስሙ ያው ነው፤ ትርጉሙ በየአምስት መስመሩ ይለወጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፈንክሽን ስገመግም ከጎኑ ሠንጠረዥ እሠራለሁ። በየመስመሩ ዋጋው ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። ለ8፣ ለ16፣ ለ20፣ ለ24 ባይት። ዲበግ ሲበራና ሲጠፋ። አሰልቺ ነው። ግን ሌላ መንገድ አላውቅም።

እርማቱ በሚያዝያ 2020 ገባ። ቀይ ቀጠና ከመጨመሩ በፊት ያለው መጠን ለብቻው ተይዞ «መሃል» ከሱ እንዲሰላ ተደረገ። 20 ባይትን ግን ልብ በሉ። ወደ እሷ እንመለሳለን።

በግንቦት ሁለተኛው ሪፖርት መጣ። ይህኛው በጣም የተለየ ነው። በስለብ የዲበግ ፋይሎች ውስጥ አንድን ቋት «ራስህን አጣራ» የሚያሰኝ አለ። ለምሳሌ የፋይል ስሞች በሚቀመጡበት ቋት ላይ ይህ ሲታዘዝ ከርነሉ «ፍሪፖይንተር ተበላሽቷል» የሚል መልእክት በላይ በላዩ ያወጣል፤ ከዚያም ይወድቃል። ፖይንተሯ ግን አልተበላሸችም። ሜሞሪው ደህና ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፖይንተሯ ከቁራጩ መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትርቅ የሚናገር አንድ ቁጥር አለ። ኦፍሴት እንበለው። ድሮ ሁለት ሁኔታ ብቻ ነበር። ኦፍሴቱ ዜሮ ከሆነ ፖይንተሯ ቁራጩ ውስጥ ናት። ዜሮ ካልሆነ ከቁራጩ ውጭ፣ ከጫፉ ቀጥሎ ናት። ስለዚህ አንዳንድ የኮድ ቦታዎች «ኦፍሴቱ ዜሮ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን «ፖይንተሯ ውስጥ ናት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ይጠቀሙበታል። ያኔ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ነበሩ። ፖይንተሯ መሃል ስትገባ ተለያዩ። ኦፍሴቱ ዜሮ አይደለም፣ ፖይንተሯ ግን ውስጥ ናት።

አጣሪው ኮድ አንድ ቁራጭ በሥራ ላይ ሲሆንና ፖይንተሯ ውስጥ የምትቀመጥ ሲሆን ማየት የለበትም። ያን ጊዜ ቦታው የባለቤቱ ነው፤ ውስጡ ያለው የሱ ዳታ ነው። አሁን ግን «ኦፍሴቱ ዜሮ አይደለም፣ ስለዚህ ውጭ ናት» ብሎ ገባና የባለቤቱን ዳታ እንደ ፖይንተር አነበበ። ትርጉም አልሰጠውም። ተበላሽቷል ብሎ ጮኸ። ከዚህ የሚብስም አለ። ቁራጩን ማን እንደጠየቀና ማን እንደለቀቀ የሚመዘገብበት የዲበግ መረጃም ቦታው የሚሰላው በዚሁ ግምት ነበር። «ከኦፍሴቱ ቀጥሎ» ይል ነበር። ኦፍሴቱ መሃል ከሆነ ቀጥሎ ያለው የቁራጩ ሌላኛው ግማሽ ነው።

እርማቱን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ጥያቄው በስሙ እንዲጠራ አደረጉት። «ፖይንተሯ ከቁራጩ ውጭ ናት ወይ?» የምትል ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ። ውስጧ ኦፍሴቱን ቁራጩ ከሚያልቅበት ቦታ ጋር ታነጻጽራለች። ዜሮን እያዩ የሚገምቱት ቦታዎች ሁሉ እሷን እንዲጠይቁ ተደረገ። ነገ ፖይንተሯ እንደገና ቤት ብትቀይር የሚስተካከለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ለግምገማ ከዚህ የማወጣው ነገር አለ። ፓች የሚያሳየን የተለወጠውን መስመር ነው። በተለወጠው ነገር ላይ ተማምኖ የቆመውን መስመር አያሳየንም። የመጀመሪያው ፓች ኦፍሴት የሚሰላበትን ቦታ ብቻ ነካ። የተሰበሩት መስመሮች ፓቹ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ አንድ ፓች የአንድን ቁጥር ትርጉም ሲለውጥ፣ ያን ቁጥር የሚያነበውን ሁሉ በፋይሉ ውስጥ ፈልጎ አንድ በአንድ ማየት የገምጋሚው ሥራ ነው። የጻፈው ሰው ሥራም ነው። ግን ሁለት ሰው ቢፈልገው ይሻላል። በአሎኬተር ኮድ ውስጥ ደግሞ የመደበኛው መንገድ አንባቢና የዲበጉ መንገድ አንባቢ የተለያዩ ናቸው። መደበኛው ከርነል ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ፈተናውን ሁሉ ያልፋል። ዲበግ ሲበራ ብቻ ነው የሚወድቀው። ዲበግ የሚያበራው ደግሞ ሌላ ችግር እያሳደደ ያለ ሰው ነው። ያን ሰው ውሸት የሚነግረው መሣሪያ መስጠት ከባድ ጉዳት ነው። ቀናት ይበላበታል።

ሁለቱም እርማቶች 5.7 በግንቦት 31 ቀን 2020 ከመውጣቱ በፊት ገብተዋል። የሙከራ እትሞች የሚወጡበት ጊዜ ሥራውን ሠራ።

20 ባይት

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2021፣ ሌላ ፓች ገባ። ርእሱ ላይ «ይህን አሁን በእርግጥ ማስተካከል» የሚል መንፈስ ያለው ቃል አለ። የጻፈው ራሱ ኪስ ኩክ ነው። የፊቱ እርማት ሙሉ እንዳልነበር በርእሱ ላይ መናገሩን በጣም አከብርለታለሁ።

20 ባይት የሆነ ቁራጭ እንውሰድ። መጀመሪያ ወደ ስምንት ብዜት ይጠጋና 24 ይሆናል። ከ20 እስከ 24 ያለችው አራት ባይት ቀይ ቀጠና ትሆናለች። የፊተኛው እርማት «መሃል»ን ያሰላው ከ24 ነበር። ግማሹ 12፣ ወደ ላይ ሲጠጋ 16። ፖይንተሯ ከ16 እስከ 24 ተቀመጠች። የመጨረሻዎቹ አራት ባይቶቿ አጥሩ ላይ ናቸው። ያው ስህተት ነው፤ በሌላ በር ገባ። ለመጀመሪያው እርማት የመጠን ትርጉም «ቀይ ቀጠና ሳይጨመር» ነበር። አጣሪው የሚያውቀው ትርጉም ግን «ጠያቂው የጠየቀው ልክ» ነው። ወደ ስምንት ብዜት ማስጠጋቱ ሁለቱን ለየ።

አዲሱ እርማት ከጠየቀው ልክ ይነሳል፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ያስጠጋል። የ20 ግማሽ 10፣ ወደ ታች ሲጠጋ 8። ፖይንተሯ ከ8 እስከ 16 ናት። ውስጥ ናት። 12 ባይትን ሞክሩ፦ ግማሹ 6፣ ወደ ታች 0፣ ከ0 እስከ 8። እሱም ውስጥ ነው። ከስምንት ባይት ላነሰ ቁራጭ ደግሞ ፖይንተሯ ራሷ አትገባም፤ ቀይ ቀጠና ሲበራ ከቁራጩ ውጭ እንድትቀመጥ በሌላ ፓች ተደረገ። አብሮ የመጣ ሌላ ትንሽ ለውጥም የዲበጉን መልእክት አሻሽሏል። ድሮ «ቀይ ቀጠና ተጽፎበታል» ብቻ ይል ነበር። አሁን ከቁራጩ በፊት ያለው የግራው ወይስ ከጫፉ ቀጥሎ ያለው የቀኙ እንደሆነ ይናገራል። ሌሊት ላይ ሎግ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ ነው።

በፓቹ ማብራሪያ ላይ እንደተጻፈው፣ በዚህ መጠን ክልል ውስጥ ያለ ቋት በከርነሉ ውስጥ ያኔ አይታወቅም ነበር። ለሙከራ ሲፈጠር ነው የሚታየው። አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን አስጨነቃቸው?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አሎኬተር ነገ ማን ምን መጠን እንደሚጠይቀው አያውቅም። አንድ የድራይቨር (ሃርድዌር የሚያሠራ ኮድ) ጸሐፊ 20 ባይት የሆነ ዳታ ፈጥሮ ቋት ቢከፍት፣ ዲበግ ሲያበራ «ከድንበርህ አልፈሃል» ይባላል። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ይፈትሻል። ምንም አያገኝም። ምክንያቱም ጥፋቱ የሱ አይደለም።

በ2023 ደግሞ፣ ከርነል 6.6 ላይ፣ ይህቺው ፖይንተር አንድ ነገር ተጨመረላት። ተሸፍና የተጻፈችው ፖይንተር የራሷ ዓይነት ተሰጣት። እስከዚያ ድረስ የተሸፈነችውም ያልተሸፈነችውም ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም) አንድ ዓይነት ነበሩ። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በጭንቅላቱ መያዝ የነበረበት አንባቢው ነው። አሁን የተሸፈነችውን ሳይፈታ እንደ አድራሻ የሚጠቀም መስመር ቢጻፍ ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል፣ ገና ገምጋሚ ሳያየው።